ትንንሽ ጥንዶች፦ ከፍሎፕ በፊት ይከፈልባቸው ወይስ ይጣሉ?

ጠያቂው፦ በቴክሳስ ሆልደም (ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በድብቅ በሚታደልበት ፖከር) ከጥንድ ሁለት እስከ ጥንድ ስድስት ከደረሰኝ ሁሌም ኮል አደርጋለሁ (የተጠየቀውን እከፍላለሁ)፣ የፈለገው ሬይዝ (ውርርዱን ከፍ ማድረግ) ቢመጣ። ጥንድ በአማካይ ከ17 እጅ አንዴ ነው የሚመጣው። ያን ያህል ጠብቄ እንዴት ልጣለው? ጓደኞቼ ግን ቺፕስህን (የመጫወቻ ገንዘብህን) እየበተንክ ነው ይሉኛል። እናንተስ?

ባለሒሳቡ፦ እውነታቸውን ነው። ስለጠበቅከው ካርታው አይጠነክርም። ጥንድ አራት ይዘህ ሦስተኛዋ አራት ፍሎፕ (መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ የሚገለጡት ሦስት ካርታዎች) ላይ የምትወርድልህ 12 በመቶ ገደማ ነው፤ ከስምንት ተኩል አንዴ በለው። ተጋጣሚህ 3 ቢግ ብላይንድ (ካርታ ሳይታይ የሚከፈለውን ትልቁን የግዴታ ውርርድ ሦስት እጥፍ) ሬይዝ አደረገ እንበል። ሰባት ስምንቴ ስትስት 22 ያህል ቢግ ብላይንድ ሄደ። ያቺ አንዷ ስትመጣ ይህን ሁሉ መመለስ አለባት። ሰውየው ፊት ያለው 30 ብቻ ከሆነ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ እኮ ለእሱም አይገጥምለትም፣ ወዲያው ይጥላል። እኔ የምከፍለውን 15 እጥፍ፣ ቢቻል 20 እጥፍ፣ በሁለታችንም ፊት ካላየሁ አልገባም።

ዲለር ወንበር፦ ሒሳቡ ልክ ነው፤ የሚሠራው ግን ሌላ ሰው ቀድሞ ሬይዝ ሲያደርግ ነው። ከፊቴ ያሉት ሁሉ ጥለው ዲለር ቦታ (ከፍሎፕ በኋላ መጨረሻ ላይ የሚወስነው ወንበር) ላይ ከሆንኩ በዚያው ጥንድ አራት ሬይዝ የማደርገው እኔ ነኝ። ብላይንዶቹ (የግዴታ ውርርድ የከፈሉት ሁለቱ) ከጣሉ ፖቱን (መሃል የተከማቸውን ቺፕስ) ወሰድኩ፣ ሦስተኛ አራትም አላስፈለገኝም። ኮል ብቻ ስታደርግ ይህ ዕድል የለህም።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ጥንድ ጃክስ? እሱንም ኮል ነው የማደርገው። ሁሌ ንግሥት ወይ ንጉሥ ይወርድብኛል።

ባለሒሳቡ፦ ኧረ ወንድሜ! ከጃክ የሚበልጥ ካርታ ፍሎፕ ላይ የሚወርደው 57 በመቶ ገደማ ነው፣ አልካድኩም። ግን ወረደ ማለት ተጋጣሚህ እጅ ላይ አለ ማለት አይደለም። ኮል ስታደርግ ደግሞ አራት ሰው በርካሽ ታስገባለህ። ጥንድ አስ እንኳ የዘፈቀደ ካርታ የያዘን አንድ ሰው 85 በመቶ ያሸንፋል፤ አራት ሲሆኑ ወደ 56 ይወርዳል። አስ እንዲህ ከሆነ ጃክ ምን ይሁን? ሬይዝ አድርግና ሰው ቀንስ።

የውድድር ሰው፦ ውድድር ላይ 10 ቢግ ብላይንድ ሲቀርህ ይህ ሁሉ ይቀየራል። ከፊትህ ማንም ካልገባ በጥንድ ስድስት ኦል ኢን በል (ያለህን ሁሉ አስገባ)። አስና ንጉሥ ይዞ ቢከፍልህ እንኳ በጥቂቱ የምትበልጠው አንተ ነህ።

ጠያቂው፦ ባለሒሳቡ፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ሬይዙን ከእኔ በፊት ሦስት ሰው ኮል ካደረገው ፖቱ አድጓል። ያኔ 15 እጥፉን ከአንድ ሰው አልጠብቅም።

ባለሒሳቡ፦ እሱን እቀበላለሁ፣ ያኔ ግባ። ከኋላህ መልሶ ሬይዝ የሚያደርግ ሰው ከተቀመጠ ግን የከፈልከውን ትተህ ትወጣለህ፣ ፍሎፑንም አታየውም። ሰው በበዛ ቁጥር ደግሞ የአንተ ሦስት ሁለት ከሌላ ሰው ሦስት ዘጠኝ ጋር ሊጋጠም ይችላል። ያቺ እጅ ሙሉ ስታክህን (ፊትህ ያለውን ቺፕስ) ነው የምትወስደው።