ዕቃው በደጃችን አልፎ ሞጆ እየወረደ ነው፦ የጋራ ሐሳባችንን እንቅረጽ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የድሬዳዋ የግንባታ ማኅበራችን አባላት። ባለፈው እንደተስማማነው የጋራ ሐሳቡን እዚሁ እንጻፈው። ትልልቅ ሕንፃ ላይ ያለን ሁላችንም ችግራችን አንድ ነው፤ ሠራተኛ አለ፣ ማሽን አለ፣ ዕቃ የለም። እኔ ያለሁበት ሳይት ስትራክቸሩ ካለቀ በኋላ ኬብል ስንጠብቅ አራት ወር አለፈ። ኬብሉ ሳይገባ ኮርኒስ አይዘጋ፣ ኮርኒሱ ሳይዘጋ ቀለም አይቀባ። ያ ሁሉ ባለሙያ ደመወዝ እየበላ ተቀመጠ፣ ግማሹ ደግሞ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ።

ለመነሻ እንዲሆን ይህን ጽፌያለሁ፦ «አባላት ለትልልቅ ፕሮጀክቶች የሚያስፈልጓቸውን የግንባታ ዕቃዎች በጋራ ገዝተው ድሬዳዋ ውስጥ በጋራ መጋዘን ያስቀምጣሉ።» ቅደዱት፣ ስፉት።

ፎርማን (ለገሀሬ)፦
ሲሚንቶን አውጡልኝ። ሦስት ወር የተኛ ሲሚንቶ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ እርጥበት ካገኘው ደግሞ ይጋግራል። ሲሚንቶ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ይመረታል፣ ለሱ የሚያስፈልገን መጋዘን ሳይሆን ከፋብሪካው ጋር ቀን የያዘ የማንሻ ፕሮግራም ነው። አሸዋና ጠጠርም እንዲሁ። አሸዋ ግን ክረምት ሳይገባ መከመር አለበት፣ ወንዙ ሲሞላ ማን ገብቶ ይጭናል?

ሌላው፣ መጋዘኑ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ይራቅ። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል። ኪራዩ ረክሶ ብታገኙት እንኳ እዚያ እንዳትሄዱ፣ አደራ።

የግዢ ሠራተኛ (ሳቢያን)፦
ጋሼ ልክ ብለዋል። አቦ «የግንባታ ዕቃዎች» ብለን ከጻፍን ምስማርም ይገባበታል። እኔ የምለው ከውጭ የሚመጣውና ሥራ የሚያስቆመው ብቻ ይሁን፦ ፌሮ፣ ኬብል፣ ፓነል፣ የውኃ ፓምፕ፣ ሊፍት። ፌሮ እዚህ አገር ይዳመጣል እንዳትሉኝ። የሚዳመጠው ቢሌት (ፌሮ የሚሠራበት ጥሬ ብረት) በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ዶላር ሲጠፋ ፌሮም ይጠፋል።

ትራንዚተር፦
እኔ ስለ መንገዱ ላውራ፣ ምክንያቱም መጋዘን ብቻውን ችግሩን አይፈታም። አብዛኛው አባል የሚገዛው ከአዲስ አበባ አስመጪ ነው። አስመጪው ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ሲከፍት መድረሻውን ሞጆ ደረቅ ወደብ ያደርገዋል። ስለዚህ በባቡር የተጫነው ኮንቴነር የኛን ከተማ አቋርጦ ሞጆ ይወርዳል፣ በጋላፊ ድንበር በመኪና የመጣውም በአዋሽ አድርጎ እዚያው ይገባል። ከዚያ ይፈተሻል፣ ቀረጥ ይከፈላል፣ አዲስ አበባ መጋዘን ይገባል፣ እኛ ሄደን እንገዛዋለን፣ እንደገና አስጭነን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ እናመጣዋለን። ጅቡቲ ከኛ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት! እኔ ይህን ዕለት ተዕለት እያየሁ ነው የምሠራው፣ በጣም ነው የሚያንገበግበኝ።

ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ አላት። ነጻ የንግድ ቀጠናውም ከነሐሴ 2014 ጀምሮ ተከፍቷል። እኛ ማድረግ ያለብን ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ መድረሻው ድሬዳዋ ተብሎ እንዲጻፍ ከሻጩ ጋር መስማማት ነው፣ ያውም ኤልሲው ከመከፈቱ በፊት። መርከቡ ከተነሳ በኋላ መድረሻ ልቀይር ካላችሁ ሰነዱ ይመላለሳል፣ ቀኑ ይነጉዳል፣ ኮንቴነሩ ላይ ቅጣት ይቆጠራል። አንድ ሰው ብቻውን ኮንቴነር አይሞላም፣ አስመጪም ለግማሽ ኮንቴነር መድረሻ አይቀይርም። አምስት ስድስት ሆነን ስንሄድ ግን ይሰማናል።

የቀን አቆጣጠሩንም አስቡበት። ከኅዳር 2016 ወዲህ በቀይ ባሕር መርከቦች ሲጠቁ ከአውሮፓ የሚመጡት ብዙዎቹ አፍሪካን በደቡብ ዞረው መጓዝ ጀምረው ነበር፣ የመድን ዋጋውም አሻቀበ። ሊፍት አዝዘው የነበሩ ሰዎች ያኔ ያወጡት ፕሮግራም ሁሉ ፈረሰ። ከአዲስ አበባ በመኪና የምታስመጡም ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19ን ካላንደራችሁ ላይ ምልክት አድርጉበት፤ ለቁልቢ ገብርኤል መንገዱ ሲሞላ የጭነት መኪና በሰዓቱ ይደርሳል ብሎ የአርማታ ቀን መቅጠር አይቻልም።

አነስተኛ ኮንትራክተር (መልካ ጀብዱ)፦
ሁሉም ጥሩ ነው፣ ብሩስ? እኔ ያልተከፈለኝ ሁለት ሰርተፊኬት (የሠራሁት ሥራ የክፍያ ማረጋገጫ) አለኝ። ቀድሜ ገዝቼ መጋዘን ውስጥ ብር ላስተኛ? እውነቱን እንነጋገር፣ ይህ ሐሳብ ለትልልቆቹ ነው የሚመቸው። እነሱ መጋዘኑን ይሞሉታል፣ እኔ ኪራዩን አዋጣለሁ።

የግዢ ሠራተኛ (ሳቢያን)፦
ወንድሜ ሥጋትህ ይገባኛል። ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል የሆነውን አስታውስ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የዚያን ሰሞን ፌሮ በእጁ የነበረው ሥራውን ቀጠለ፣ ያልነበረው ከነውሉ ቆመ።

የውል ባለሙያ (ከዚራ)፦
የብሩ ጥያቄ መልስ አለው፣ የማናገኘው ውላችን ውስጥ ገብተን ስለማንፈልገው ነው። የ1999 የፊዲክ ቀዩ ቅጽ (ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ቅጽ)፣ በፈረንጅ ቀመር ማለቴ ነው፣ አንቀጽ 14.5 ሳይት ላይ ለደረሰ፣ ገና ላልተገጠመ ዕቃ የዋጋው 80 በመቶ በሰርተፊኬት እንዲያዝ ይፈቅዳል። ነገር ግን ዕቃው በጨረታው አባሪ ላይ ካልተዘረዘረ አንቀጹ አይሠራም። አብዛኞቻችን ጨረታ ስንሞላ ያን ገጽ ባዶ ሲሆን ዝም ብለን እናልፈዋለን። ገና ማብራሪያ በሚጠየቅበት ጊዜ ነው «ፌሮና ኬብል ይዘርዘር» ብለን በጽሑፍ መጠየቅ ያለብን። አንድ ተጫራች ሲጠይቅ ችላ ሊባል ይችላል፣ ማኅበሩ ለአሠሪዎች ደብዳቤ ሲጽፍ ግን ክብደት አለው።

ሁለተኛው 28 ቀን ነው። ዕቃ መዘግየቱን ባወቅን ወይም ማወቅ በነበረብን በ28 ቀን ውስጥ ለመሐንዲሱ ካላሳወቅን፣ በዚያው ቅጽ 20.1 መሠረት የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄያችን ይወድቃል። በቃል «ዕቃ እኮ አልመጣም» ማለት ማሳወቅ አይደለም። አንድ አባላችን በቅርቡ በዚህ ምክንያት የመዘግየት ቅጣት ከፍሏል፣ ልቡን ነው የሰበረው። ደግሞ ማሳወቅ ብቻውን ጊዜ አያስገኝም፤ ምክንያቱ ውሉ የሚቀበለው መሆን አለበት። ሳናሳውቅ ግን እዚያም አንደርስ።

አነስተኛ ኮንትራክተር (መልካ ጀብዱ)፦
እሺ፣ የ14.5 ነገር ገብቶኛል፣ ግን ሳይት ላይ ለደረሰ ነው ያልሽው። የጋራ መጋዘን ውስጥ ላለው አይሠራማ።

የውል ባለሙያ (ከዚራ)፦
ትክክል ነህ። ለዚህ ነው መጋዘኑን ትንሽ አድርገን የምናስበው። ዋናው ዕቃ ከደረቅ ወደቡ በቀጥታ ወደየሳይታችን ይሂድ።

ፎርማን (ለገሀሬ)፦
እኔ ስለ ትንሹ መጋዘን ልጨምር። ድሮ እዚህ ከተማ ፎርማኖች ፌሮ እንበዳደር ነበር። ባለ 12 ሚሊ የወሰደ ባለ 12 ሚሊ ይመልሳል፣ ብር የሚባል ነገር አይነሳም። ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም ያበደረው አይጎዳም። ይህንን በወረቀት አድርጉት። ያኔ ትንሹም ሰው 50 ብረት አስቀምጦ ገብቶ፣ በቸገረው ቀን እኩል መበደር ይችላል።

አነስተኛ ኮንትራክተር (መልካ ጀብዱ)፦
ይህ ከሆነ እኔ አለሁበት። ኪራዩም ባስቀመጥነው ልክ ይሁን።

አስተባባሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የመጀመሪያውን አፍርሼ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«አባላት በሚቀጥሉት 6 ወራት ከውጭ የሚያስፈልጋቸውን ፌሮ፣ ኬብል፣ ፓነልና ፓምፕ በአንድ ዝርዝር አሰባስበው በጋራ ያዝዛሉ፤ መድረሻውም ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ ይሆናል። ለድንገተኛ እጥረት ብቻ የሚያገለግል አነስተኛ መጋዘን ይኖራል፤ የተበደረ በዓይነትና በመጠን ይመልሳል፣ ኪራዩም በድርሻ ይከፈላል። ማኅበሩ ሳይት ላይ ለደረሰ ዕቃ ክፍያ በጨረታ ሰነድ እንዲካተት ለአሠሪዎች በጽሑፍ ይጠይቃል። ዕቃ የዘገየበት አባል በ28 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ማኅበሩ የደብዳቤ ቅጽ ያዘጋጃል።»

ሊፍቱን አውጥቼዋለሁ፣ የእያንዳንዱ ሕንፃ ልኩ ስለሚለያይ በጋራ አይታዘዝም። አሸዋና ሲሚንቶም የሉበትም።

ትራንዚተር፦
«መድረሻውም ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ» ከሚለው ቀጥሎ «ኤልሲ ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ የተረጋገጠ» የሚል ይግባ። ያቺ ቃል ከሌለች ዕቃው ሞጆ ነው የሚወርደው።

አስተባባሪ፦
ገብታለች። እስከ ሐሙስ ማታ ሁላችሁም የዕቃ ዝርዝራችሁን ከመጠኑና ከሚያስፈልግበት ቀን ጋር ላኩልኝ፣ ፌሮውን በዲያሜትር ለይታችሁ። ቅዳሜ ሙቀቱ ሳይበረታ ከጠዋቱ 1:30 ከዚራ እንገናኝና እንፈርም።