«ክሊር ኤንድ ፕረዘንት ዴንጀር» መቼ ይባላል?

ከዚራ፦ ስለ ድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በእንግሊዝኛ ሪፖርት እየጻፍኩ ነው። አሁን በበጋው «ደቻቱ ክሊር ኤንድ ፕረዘንት ዴንጀር ነው» ብል ያስኬዳል?

ሳቢያን፦ አያስኬድም። ሐረጉ አደጋው ግልጽ እንዲሆንም፣ አሁን እንዲኖርም ይፈልጋል። ደረቅ አሸዋ ላይ ሁለተኛው የለም፤ 1998 ዓ.ም. ብትጠቅስም ያለፈ ጎርፍ «ፕረዘንት» አይሆንም። ለበጋው «ፍለድ ሪስክ» (የጎርፍ ስጋት) ይበቃል። ደጋው ላይ ዘንቦ ውሃው ከተማ ካልደረሰ «ኢሚነንት» (ሊደርስ የተቃረበ) በል። «ኤሚነንት» ግን ታዋቂ ማለት ነው፤ ትክክለኛ ቃል ስለሆነ የኮምፒውተሩ ፊደል አራሚም ላያስቆምህ ይችላል። ውሃው ሞልቶ ወደ ሰፈር ሲወጣ ያኔ ሐረጉን ተጠቀም።

ጁገል፦ ከፊቱ «ኤ» አስገባ፣ ቃላቱን አታገለባብጥ፣ ግሱ «ፖዝ» (መደቀን) ይሁን፣ ከኋላው «ቱ» ይከተል። «ቬሪ» ጭራሽ አያስፈልግም።

አንባቢህ የሕግ ሰው ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቅ። ሐረጉን ያስታወቁት ዳኛ ሆምስ ናቸው፤ በ1919 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በሼንክ መዝገብ፣ የመናገር ነፃነትን ወሰን ሲለኩበት። በ1969 እ.ኤ.አ. ያው ፍርድ ቤት የሰጠው የብራንደንበርግ ውሳኔ በጠበቀ መስፈርት ተክቶታል።

ከዚራ፦ ለአፈር መሸርሸርስ?

ሳቢያን፦ እሱ በዓመታት የሚመጣ ነው፤ «ሎንግ ተርም ትሬት» በለው።