ፎግ ላይቴ ጉሙን ትቶ ሰው ዓይን ውስጥ ገባ

ድንች ጫኙ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ከረማችሁ። እስቲ እውቀት ጀባ በሉኝ።

መኪናዬ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው። ጠዋት ጠዋት ድንችና ሽንኩርት ጭኜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። የምነሳው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መሀል መንገድ ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። አንዳንድ ቀን ከኮፈኔ ጫፍ ወዲያ ምንም አይታይም።

ባለፈው ሳምንት ከፋብሪካ የመጣውን የፎግ ላይት (የጉም መብራት) አምፖል አውጥቼ ኤልኢዲ አስገባሁ። ሳጥኑ ላይ 200 ዋት፣ 20,000 ሉመን (የብርሃን መጠን)፣ 6,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም) ይላል። ሻጩ "ከዚህ በኋላ ጉም የሚባል አታይም" ብሎኝ ነበር። አሁን ጉም ውስጥ ስገባ ፊቴ ነጭ ግድግዳ ይሆናል፤ ከድሮው ብሷል። ከታች የሚመጣው አይሱዙም ሲኖትራክም በረጅም መብራት እያብለጨለጨ ይሰድበኛል። ትናንት አንዱማ መስኮት አውርዶ በአፉም ጨመረልኝ።

አምፖሉን ልቀይር፣ መብራቱን ከነአካሉ ልቀይር፣ ወይስ ጣሪያ ላይ ባር ላይት (ረጅሙን የመብራት ረድፍ) ልስቀል? አቅጣጫውስ እንዴት ነው የሚስተካከለው?

ቸኳዩ፦
ባር ላይት ስቀልና ተገላገል። እኔ ሰቅዬ እስከ ባቲ ቀን አስመስዬ ነው የምሄደው።

ጋሽ ፍሬን፦
አንተ ልጅ፣ ባቲ መንገድ ላይ የሐረጎን ዓይነት ጉም ከየት አመጣህ? በጠራ ሌሊት ባር ላይት ያበራል፣ ማን ካደ። ጉም ውስጥ ግን ጣሪያ ላይ የተሰቀለ መብራት ዓይንህ ፊት ያለውን ጉም ነው የሚያበራው። ብርሃኑ ተመልሶ አንተኑ ያሳውርሃል። በባር ላይት ጉም መግፈፍ ጉም መዝገን ነው። ፎግ ላይት ፓራውልት ሥር የተደረገው ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ከዓይን ራቅ ብሎ፣ ከመሬት ቀርቦ፣ ከጉሙ ሥር እንዲገባ ነው። ረጅም መብራትም እንዲሁ፤ ጉም ስትገባ አጥፋው።

የኮምቦልቻ ኤሌክትሪሺያን፦
ጋሼ ልክ ነዎት። ወንድምዓለም፣ ያንተ ችግር አምፖሉም አቅጣጫውም ነው። ከአምፖሉ ልጀምር።

መጀመሪያ የሳጥኑን ጽሑፍ እርሳው። ጥንዱ 200 ዋት ቢሆን በ12 ቮልት ወደ 17 አምፔር ይስባል ማለት ነው። የፎግ ላይት ፊውዝህን አውጥተህ እየው። 10 አምፔር ከሆነ ያን ጭነት ይዞ አይቆይም፣ ይበጠስ ነበር። ካልተበጠሰ ሳጥኑ ዋሽቷል። ለማነጻጸር ያህል፣ መደበኛው ባለ 55 ዋት ኤች11 ሃሎጅን (ባለ ሽቦው አምፖል) 1,350 ሉመን አካባቢ ነው የሚሰጠው። ፎግ ላይት ሲሠራ በዚያ ልክ ተለክቶ ነው። 20,000 ምን ያደርግልሃል?

ዋናው ነገር ግን የብርሃኑ ቅርጽ ነው። የፎግ ላይት ብርሃን ወደ ጎን ሰፊ፣ ወደ ላይ ደግሞ በአግድም መስመር የተቆረጠ መሆን አለበት። ከመስመሩ በላይ ጨለማ ነው። ይህን ቅርጽ የሚሠራው ከጀርባ ያለው መስታወት ነው። መስታወቱ የተሰላው ለሃሎጅኗ ቀጭን ሽቦ ነው፣ እሷም ያለችበት ቦታ በሚሊሜትር የታወቀ ነው። ኤልኢዲው ቺፑን ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ ካስቀመጠው መስመሩ ይጠፋል፣ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበተናል። የሚሰድቡህ ለዚህ ነው።

ዛሬ ማታ ግድግዳ ፊት አቁመህ አብራ። ከላይ ጥርት ያለ አግድም መስመር ካየህ አምፖሉ ይተርፋል። ድብልቅልቅ ያለ ጉብታ ካየህ አውልቀው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጥ፦ ቺፖቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማየት አለባቸው። ወደ ላይና ወደ ታች ሆነው ከገቡ ጥሩውም አምፖል ይበላሻል።

ድንች ጫኙ፦
እግዜር ይስጥህ። አየሁት። የግራው ቺፕ ወደ ላይና ወደ ታች ነበር። አዙሬ አስተካከልኩት። ግን ከዚያም በኋላ ግድግዳው ላይ የተደፋ ወተት ነው የሚመስለው፣ መስመር የለውም። ፊውዙ ደግሞ 10 ነው፣ አልተበጠሰም። ስለዚህ ሳጥኑ ዋሽቷል ማለት ነው፣ አይደል? የከፈልኩት ገንዘብ ሲታወሰኝ እንቅልፍ ነሳኝ።

የኮምቦልቻ ኤሌክትሪሺያን፦
ዋሽቷል። እንግዲህ ሁለት መንገድ አለህ። ርካሹ ወደ ሃሎጅንህ መመለስ ነው። አትፈርበት፤ አቅጣጫው የተስተካከለ ሃሎጅን ከተበተነ ኤልኢዲ ይበልጣል። ኤልኢዲ ካልሆነ ካልክ ደግሞ አምፖል ብቻ አትግዛ። ከመጀመሪያው ለኤልኢዲ ተብሎ የተሠራ፣ መስታወቱም ሌንሱም አንድ ላይ ያለ ሙሉ መብራት ግዛ።

ስትገዛ ሌንሱን አገላብጠህ እይ። በክብ ውስጥ የላቲን ኢ ፊደልና ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ የማጽደቂያ ምልክት ነው። አጠገቧ ቢ ወይም ኤፍ3 ካለ የፊት ፎግ ላይት ተብሎ የጸደቀ ነው። "ስፖት" የሚለውን አትንካ፣ እሱ ሩቅ ለማየት ነው። ምልክቱን የሚያስመስሉ አሉ፤ ስለዚህ ሱቁ ውስጥ በባትሪ አስበርተህ ግድግዳ ላይ መስመሩን ሳታይ አትክፈል። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂድ። የውሃ መከላከያ ደረጃው አይፒ69ኬ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ላቫጆ ላይ በግፊት ውሃ ስትመታው ታመሰግነኛለህ። ከኋላው ትንሽ ማራገቢያ ያለውን አልወድም። የኛ ጭቃ በአንድ ክረምት ይደፍነዋል።

ቸኳዩ፦
ቢጫ ግዛ ቢጫ። ቢጫ ጉም ይበሳል።

ፊዚክስ አስተማሪ፦
ይሄ ነገር ሁልጊዜ ይነሳል። የጉም ጠብታ በአብዛኛው አሥር ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። የብርሃን ሞገድ ደግሞ ግማሽ ማይክሮሜትር ገደማ። ጠብታው ከሞገዱ እጅግ ሲበልጥ ሁሉንም ቀለም እኩል ነው የሚበትነው። ስለዚህ ቢጫ ከነጭ ይልቅ ጉም አይበሳም።

ቢጫ መብራት ግን ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። 6,000 ኬልቪን ላይ ያለው ነጭ ሰማያዊነት ያደላበታል፣ እሱ ደግሞ ዓይን ያጭበረብራል። ቢጫው ሰማያዊውን ስለሚያስቀር ዓይን ያርፋል። ፈረንሳዮች እስከ 1993 በፈረንጆቹ የመኪና የፊት መብራት ቢጫ እንዲሆን በሕግ ያስገድዱ ነበር። የድሮ ፔጆ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። እኔ ብሆን 3,000 ኬልቪን ቢጫ ወይም እስከ 4,300 ያለውን እወስዳለሁ። ከአግድሙ መስመር ግን አይበልጥም። መስመር የሌለው ቢጫ መብራት ሰዉን በቢጫ ማሳወር ነው።

የዲማክስ ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
ጣልቃ ልግባ። የኔ መኪና ከነጭራሹ ፎግ ላይት የለውም። ከረጅም መብራቱ ሽቦ ላይ ቀጥሉልኝ ብል ያስኬዳል?

የኮምቦልቻ ኤሌክትሪሺያን፦
በፍጹም። ጉም ውስጥ ፎግ ላይቱን ስትፈልግ ረጅሙም አብሮ ይበራልሃል። ለብቻው ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ፤ እግሮቹ ቁጥር አላቸው) ይሠራለት። ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስቶ እዚያው አጠገብ 10 አምፔር ፊውዝ፣ ከዚያ የሪሌው 30 ቁጥር፣ ከ87 ወደ መብራቶቹ። 85ን ኔጋቲቭ አድርገው። 86ን ደግሞ ከፓርኪንግ መብራት መስመር በማብሪያ አሳልፈህ አምጣ። እንዲህ ከሆነ ፓርኪንጉን ስታጠፋ ፎግ ላይቱም ይጠፋል፣ ጠዋት የሞተ ባትሪ አታገኝም። ኔጋቲቩን ቀለም ላይ አትሰር፣ ሻንሲው ብረቱ እስኪታይ ፋቀው። ናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ ከተወልህ መስከረም ላይ እኔ ጋ ነህ።

ድንች ጫኙ የፋብሪካ ሽቦ ስላለህ ይህ ሁሉ አያስፈልግህም። ሶኬቱ የሚገጥም ግዛና ምንም አትቁረጥ።

ድንች ጫኙ፦
እሺ። ሙሉውን መብራት ባለ 3,000 ኬልቪኑን አገኘሁ፣ ሱቅ ውስጥ መስመሩን አይቼ ነው የገዛሁት። ሻጩ "ምን ዓይነት ሰው ነህ" አለኝ። አሁን አቅጣጫውን ንገሩኝ።

ጋሽ ፍሬን፦
ደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 7 ሜትር ተኩል ርቀህ ቁም። ጎማህ ነፋሱ እኩል ይሁን፣ አንተን የሚያህል ሰው ጋቢና ይቀመጥ። ከመሬት እስከ መብራቱ መሀል በሜትር ለካ። 60 ሴንቲ ነው እንበል። ግድግዳው ላይም 60 ላይ በጠመኔ አስምር። ከሱ 10 ወይም 11 ሴንቲ ዝቅ ብለህ ሌላ አስምር። የብርሃኑ የላይኛው ጫፍ በታችኛው መስመር ላይ መተኛት አለበት። አንዱን መብራት በጨርቅ ሸፍነህ ሌላውን አስተካክል፣ ከዚያ ተቀያየር። ማስተካከያ ብሎኗ ከታች ወይም ከጀርባ ትገኛለች፤ ካቻቢቴ ይበቃል። ቀስ አድርገህ አዙር፣ ፕላስቲክ ናት።

እንዲህ ሲሆን ብርሃኑ 40 ሜትር ገደማ ላይ መሬት ይነካል። ለጉም ከዚያ በላይ አትፈልግም።

ድንች ጫኙ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ደሴ ውስጥ ደልዳላ መሬት ከየት ላምጣ?

ጋሽ ፍሬን፦
እሱስ ደሴ ላይ ደልዳላ ካገኘህ ቤት ትሠራበታለህ እንጂ መብራት አታስተካክልበትም። ኮምቦልቻ ስትወርድ አድርገው። ካልሆነም አንድ ወጥ ተዳፋት ይበቃል። መኪናውም ግድግዳው ሥርም በዚያው ተዳፋት ላይ ይሁኑ፣ ቁመቱን ሁለቱም ጋ ከመሬት ለካ። መሀሉ ጉድጓድ ወይም ጉብታ ካለው ነው የሚያሳስትህ።

ሐይቅ ተመላላሿ፦
ወንዶች፣ አንድ ነገር ረስታችኋል። ልጁ የሚሄደው ጭኖ ነው! እኔ ፒክአፕ ስነዳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ይህን የተማርኩት በስድብ ነው። ባዶ መኪና ላይ ያስተካከልከው መብራት ድንች ስትጭን ሰማይ ያያል። ባሌስትራው ከኋላ ይተኛል፣ አፍንጫው ይነሳል።

የኮምቦልቻ ኤሌክትሪሺያን፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ አፈርኩ። ሒሳቡን ልሥራው። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 3.085 ሜትር ነው። ኋላው ከፊቱ 5 ሴንቲ ብቻ ቢወርድ፣ በየ100 ሜትሩ 1.6 ሜትር ወደ ላይ አቅጣጫ ቀየርክ ማለት ነው። ጋሼ ዝቅ ያደረጉት ደግሞ በየ100 ሜትሩ 1.4 ገደማ ነው። አለቀ፣ ሁሉም ተበላ።

ድንች ጫኙ፣ ሁልጊዜ የምትጭነውን ያህል ጭነህ አስተካክል። ባዶ ስትመለስ ብርሃኑ 20 ሜትር ላይ መሬት ይነካል። ያንሳል፣ ግን ማንንም አያሳውርም፤ ባዶ የምትመለሰውም ከረፋዱ በኋላ ነው።

ሐይቅ ተመላላሿ፦
ሌላም ልጨምር። አርባ ሜትር ታያለህ ማለት አርባ ሜትር ውስጥ መቆም አለብህ ማለት ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትሄድ፣ ደንግጠህ ፍሬን እስክትረግጥና እስክትቆም 30 ሜትር ይፈጅብሃል። በ60 ከሆነ ከ50 ያልፋል። ጭነት ሲኖር ደግሞ ጨምርበት። መብራቱ ጥሩ ሲሆን እግር ነዳጅ ላይ ይከብዳል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ሐረጎ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፣ ዓይንህን የቀኝ አስፋልት ጠርዝ ላይ አድርግ። ጉሙ ሲገፈፍ ፎግ ላይቱን አጥፋው።

ድንች ጫኙ፦
ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስኩ፣ ይቅርታ። ጭኜ ኮምቦልቻ አጎቴ ግቢ ውስጥ አስተካከልኩት። ከመጫኔ በፊትና በኋላ ለካሁት፣ የኋላው 6 ሴንቲ ነው የወረደው። እህታችን ባትነግረኝ ኖሮ አሁንም ስሰደብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አራት ቀን ጉም አጋጥሞኛል። ነጩ ግድግዳ ጠፍቷል። የመንገዱ ጠርዝ በግራም በቀኝም ይታየኛል። ማንም አላብለጨለጨብኝም። አንድ ቀን ግን ከፋብኝ፣ በ20 እየሄድኩም አስፋልቱ ጠፋኝ። ሰፊ ቦታ ፈልጌ ከመንገድ ወጣሁ፣ ቡና ጠጥቼ ጠበቅኩት። ድንቹ አልቸኮለም።

አንድ ነገር ቀረኝ። መብራቱን ሳበራ ሬዲዮው ይንጫጫል።

የኮምቦልቻ ኤሌክትሪሺያን፦
ከመብራቱ ውስጥ ካለው ኃይል መቆጣጠሪያ ነው የሚመጣው። ሽቦውን ከአንቴናው ገመድ አርቀው፣ ኔጋቲቩንም ፍቀህ እንደገና እሰር። ካልተወህ አምጣው፣ ማጣሪያ እናስገባለታለን።

የዲማክስ ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
የአጎትህ ግቢ የት ነው? እኔም ጨርሻለሁ፣ ግድግዳ ፈልጌ ነው።

ድንች ጫኙ፦
በውስጥ እነግርሃለሁ። ጠመኔው እስካሁን አልተጠረገም፣ አጎቴ ግን ስለሱ መጠየቅ ጀምሯል። ቶሎ ና።