ለእናቴ እንዴት ብዬ ልንገራት?

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም እህቶቼ። 28 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ባለፈው ማክሰኞ የናሙናዬ ውጤት መጣ። የጡት ካንሰር ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት ገላዬን ስታጠብ ነው። ግራ ጡቴ ላይ፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ፣ ሽምብራ የምታክል ጠጣር ነገር። አታመኝም። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ «ልጅ ነሽ፣ ከወር አበባሽ ጋር የሚመጣ ነው» ብለው ሸኙኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ከአምስት ወር በኋላ ባቄላ አከለች።

ሐኪሙ ጡቴ እንደሚነሳ፣ ከዚያ ኬሞ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒት እንደምጀምር ነግሮኛል። እሱን እንደምንም ችዬዋለሁ። ያቃተኝ የእናቴ ነገር ነው። ታላቅ እህቷ ዘጌ ላይ የሞተችው በጡት ነቀርሳ ነው ይባላል። እናቴ ስሙን አትጠራውም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ነው የምትለው።

ጠዋት ጊዮርጊስ ደርሳ ስትመለስ ቡና ታፈላለች። ሦስት ቀን ሙሉ ልነግራት ረከቦቱ ፊት ተቀመጥኩ። አቦል ጠጣሁ፣ ቶና ጠጣሁ፣ በረካው ሲደርስ ተነስቼ ወጣሁ። «ምነው ፊትሽ?» ትለኛለች። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እላለሁ።

ደግሞ ልጅ መውለድ እችል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ አፈርኩ። ያለፈችበት ካለች ንገሩኝ።

አባይ ማዶ፦
ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። የንስሐ አባታችሁ ቢነግሯትስ? እሳቸውን ትሰማለች።

ዓይናለም፦
አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በዚህ አልስማማም። ቄስ ወይ ሽማግሌ ይዘሽ ከገባሽ መርዶ ይመስላታል። ሳይቀመጡ ጩኸት ይጀመራል። ራስሽ ንገሪያት፤ በአንድ ትንፋሽ ሕመሙንም ሕክምናውንም አብረሽ ንገሪያት።

እኔን የያዘኝ በ31 ዓመቴ ነው። አሁን አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቀዩን የኬሞ መድኃኒት የወሰድኩ ቀን ሽንቴ ቀልቶ ደም መስሎኝ ጮህኩ። የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ አንቺ እንዳትደነግጪ። ሁለት ሳምንት አልፎ ጸጉሬ ትራሱ ላይ ይቀር ጀመር። እናቴ ሹሩባዬን ራሷ ቆረጠችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ቀድሜ ባልነግራት ኖሮ ያን ቀን ማን ይቆርጥልኝ ነበር?

ጠበል እንሂድ ካለችሽ እሺ በያት። ቀጠሮሽን ግን አንድ ቀን እንዳታሳልፊ።

የልጁን ነገር ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት ጠይቂ። መድኃኒቱ የእንቁላል ማመንጫን ሊጎዳ ይችላል። የእኔ የወር አበባ ስምንት ወር ጠፍቶ ተመልሷል፤ የሁሉም ሰው ግን አንድ አይደለም። በምንም አትፈሪ፣ ጠይቂ።

ነርስ ነኝ፦
እህቴ፣ «ልጅ ነሽ» ያሉሽ በጣም አሳዝኖኛል። በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር የጡት ነው፤ ወጣት ሴቶችንም ይይዛል። እብጠት በእጅ ከተዳሰሰ ዕድሜ ሳይታይ መመርመር አለበት።

ናሙናሽ የሆርሞን እና የኸር ቱ (በካንሰር ሕዋሱ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ነው) ምርመራ እንደተሠራለት ጠይቂ። ካንሰሩ ሆርሞን ተቀባይ፣ ማለትም በሆርሞን የሚያድግ፣ ከሆነ ከኬሞ በኋላ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን ቢያንስ ለ5 ዓመት ሊታዘዝልሽ ይችላል። እሱን እየወሰዱ ማርገዝ ስለማይፈቀድ የልጁን ጊዜ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት። የአክስትሽንም ታሪክ ንገሪው፤ በስንት ዓመቷ እንደታመመች እናትሽን ጠይቂ። ኬሞ ከጀመርሽ በኋላ ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ይነጋል ብለሽ አትጠብቂ።

የሽምብጥ ልጅ፦
ዛሬ ነገርኳት። ቡናው እስኪፈላ አልጠበቅኩም፤ ገና እየቆላች ነበር። «እማዬ፣ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኝቷል፤ ሐኪም ይዞኛል፣ ሕክምና ልጀምር ነው» አልኳት። ምጣዱን ከእሳቱ አላወረደችውም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጡቴን በጣቶቿ ዳሰሰች።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

እጇን ሳታነሳ የእህቷን ስም ጠራች። ስሟን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። 35 ሳይሞላት ነው የሞተችው አለችኝ። ጽፌዋለሁ። ሐሙስ ሐኪሙ ጋ አብራኝ ትገባለች። ቡናው አሮ ነበር፤ ደፍታው ሌላ ቆላች።