የተጠባባቂው ወርቅ የማን ነው?

የእንጦጦ ነፋስ፦
ትናንት ማታ በአንድ የሬዲዮ የስፖርት ውይይት ላይ አንድ እንግዳ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ «የብሔራዊ ቡድን ምርጫ የኮሚቴ ሥራ ነው። አንድ አሰልጣኝ ሊሳሳት ይችላል፤ ብዙ ዓይን ግን አይስትም። ማስረጃ ካስፈለገ የፓሪስን የማራቶን ወርቅ እዩ።» የያዝኩትን ሻይ ልደፋው ምንም አልቀረኝም። የፓሪስን ወርቅ ያመጣው ታምራት ቶላ እኮ ነው! ያ ብዙ ዓይን ታምራትን አይቶ ምን አደረገው? ተጠባባቂ። ቀነኒሳ በቀለ፣ ሲሳይ ለማና ደሬሳ ገለታ ተመረጡ፤ እሱ አራተኛ ሆኖ ቀረ። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ሲሳይ በጉዳት ባይወጣ ኖሮ፣ ታምራት ነሐሴ 4 ቀን 2016 ሩጫውን እንደ እኔና እንደ እናንተ በቴሌቪዥን ያይ ነበር። በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ የነበረ ኮሚቴ ነው እንግዲህ ለ«ብዙ ዓይን» ምስክር የተጠራው።

ወንበር ጠባቂ፦
ተጠባባቂ አድርጎ የያዘውስ ማን ነው? ያው የምትሰድበው ኮሚቴ። ለመሆኑ የሦስቱን ሰዓት አይተኸዋል? ሲሳይ ቫሌንሲያ ላይ 2:01:48 ሮጦ፣ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ቦስተንን አሸንፏል። ደሬሳ ሴቪል ላይ 2:03:27 ገብቷል። ቀነኒሳ በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቷል። ከእነዚህ ማንን አውጥተህ ታምራትን ታስገባ ነበር? ስም ጥራ። ከውጤት በኋላማ ሁሉም ነቢይ ነው።

የበቆጂ ልጅ፦
ከስሙ በፊት መንገዱን እናንሣ። የፓሪሱ ማራቶን ከከተማው ወደ ቬርሳይ ወጥቶ የሚመለስ፣ በድምሩ 436 ሜትር ዳገት ያለው ነበር። ቫሌንሲያና ሴቪል እንደ ጠረጴዛ የተደለደሉ ናቸው። ታምራት ደግሞ ከዘጠኝ ወር በፊት ኒው ዮርክን፣ ከነድልድዩና ከነአቀበቱ፣ በ2:04:58 የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ ያሸነፈ፣ በ2014 ሐምሌ ዩጂን ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ዳገት የሚያውቅ አንድ አሰልጣኝ ቢጠየቅ ሰንጠረዡን አጥፎ «ያንን ልጅ አምጡልኝ» ይል ነበር። ሃያ ዓይን አንድ ወረቀት ላይ ከተተከለ እኮ አንድ ዓይን ነው።

ወንበር ጠባቂ፦
ቦስተን ከመቼ ወዲህ ሜዳ ሆነ? ሲሳይ ያሸነፈው አቀበት ላይ አይደለም?

የበቆጂ ልጅ፦
ሲሳይን መቼ ነካሁት? አንተ የጠራሃቸው ሦስት ናቸው፤ አንዱን ብቻ አንሥተህ አትሽሽ። ደግሞ እስቲ ስለ ዓይን ካወራን አይቀር፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ገና ልጆች ሳሉ በበቆጂ ሜዳ ላይ ያየው ኮሚቴ ነበር? አንድ የስፖርት መምህር ነው፤ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ። ቃለ ጉባኤ አልያዘም፣ ድምፅም አላስቆጠረም።

ሒሳብ መምህሩ፦
ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ሁለታችሁም ያነሣችሁት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1906 እንግሊዝ አገር ፕሊመዝ ከተማ በአንድ የከብት ትርዒት ላይ፣ አንድ በሬ ታርዶና ተገፎ ስንት እንደሚመዝን ሕዝቡ ስድስት ፔኒ እየከፈለ ይገምት ነበር። ፍራንሲስ ጎልተን የሚባለው ምሁር፣ ለተራ ሰው ፍርድ ብዙም ግምት የሌለው ሰውዬ፣ 787 ወረቀቶች ሰብስቦ አሰላቸው። የመካከለኛው ግምት 1,207 ፓውንድ ሆነ። የበሬው ክብደት 1,198። ስህተቱ ከመቶ አንድ እንኳን አልሞላም። ሥጋ ሻጭም ገበሬም ምንም የማያውቅም ነበረበት።

ነገር ግን እያንዳንዱ ግምቱን ለብቻው ጻፈ። የጎረቤቱን አላየም፤ አለቃው ምን እንዳለ አልሰማም፤ ከገንዘቡ ከፍሎም ስለነበር ለመሳሳት አልቸኮለም። ስለዚህ የአንዱ ማብዛት የሌላውን ማሳነስ አጣፋው። ይህ ከሌለ ብዛት ምንም አይጨምርም። እንዲያውም ኮንዶርሴ የተባለ ፈረንሳዊ በ1785 በሒሳብ እንዳሳየው፣ እያንዳንዱ መራጭ ከመሳካት ይልቅ ለመሳሳት የሚቀርብ ከሆነ ቁጥሩ በበዛ መጠን ጉባኤው ወደ ስህተቱ ይበልጥ በእርግጠኝነት ይሄዳል። «ብዙ ዓይን አይስትም» የሚሉት ሰው ይህን ሁለተኛውን ክፍል ዘልለውታል።

የእንጦጦ ነፋስ፦
በሬው ቢያንስ በመጨረሻ ሚዛን ላይ ወጣ። ያልተመረጠ ሯጭ ግን በምን ይመዘናል? ታምራት ባይገባ ኖሮ ኮሚቴው መሳሳቱን ማን ያውቅ ነበር? ሌላ አገር ወርቁን ወስዶ «አልተሳካልንም፣ ስፖርት ነው» ተብሎ ይቀር ነበር። በየዓመቱ ስንት ታምራት ቤቱ እንደቀረ ነው የማይታወቀው።

ወንበር ጠባቂ፦
መምህር፣ በሬና ሯጭ ምን አገናኛቸው? እንግዲህ ታምራትንም በፓውንድ እንመዝነው።

ሒሳብ መምህሩ፦
ቀልዱን ትተህ ለብቻው የሚለውን አንብብ።

የዕድር ጸሐፊ፦
መምህሩ ያሉት ገብቶኛል፤ ዐሥራ አንድ ዓመት የዕድር ጸሐፊ ሆኜ አይቼዋለሁና። ድንኳን ልንገዛ ተሰበሰብን። ከአባላቱ አንዱ ሸራ ሰፊ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ሸራ ሲሰፋ የኖረ። ሊቀ መንበራችን ስብሰባውን ሲከፍቱ ናሙናውን አነሡና «እኔ ይህን ወድጄዋለሁ፤ እናንተስ?» አሉ። እኛስ? እኛማ ወደድነው። ሰፊው ጨርቁን በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ዝም አለ። ክረምት ሲገባ በአንድ ለቅሶ ቤት ዝናቡ በጣሪያው ገብቶ ለቀስተኛው ላይ ወረደ። በኋላ ሰፊውን ብጠይቀው «አይቼው ነበር፤ ግን አባባ ወድጄዋለሁ ካሉ በኋላ ምን ልበል?» አለኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ወንበር ጠባቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ፤ ይህ ታሪክ የእኔ ነው። ያጠፋው ብዙው ነው ወይስ አንዱ ሊቀ መንበር? አንድ ሰው ቢወስን ኖሮም ያንኑ ድንኳን ይገዛ ነበር።

የዕድር ጸሐፊ፦
ወንድሜ፣ ሰፊው ብቻውን ቢወስን ግን አይገዛም ነበር። ዐዋቂው እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነው የተሳሳትነው። እሱን ነው የምነግርህ።

አሮጌ መም፦
እኔ የምናፍቀው የአሰልጣኙን የዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን ዘመን ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቃል፣ የሚያስደነግጥ ቁጣ። ሲድኒ ላይ ደራርቱ፣ ኃይሌ፣ ሚሊዮን ወልዴ፣ ገዛኸኝ አበራ፣ አራት ወርቅ! በጠቅላላው ስምንት ሜዳሊያ። ፓሪስ ላይ አንድ ወርቅና ሦስት ብር፤ ወርቁም እንደሰማችሁት ከተጠባባቂ ወንበር። የኦሊምፒክ ማራቶን በወንዶች እንደገና ለማሸነፍ ከገዛኸኝ በኋላ 24 ዓመት ጠበቅን። ይኸው የብዙ ዓይን ዘመን።

የሰንዳፋ ጠዋት፦
ጋሼ፣ ናፍቆቱን እጋራለሁ፤ ሒሳቡን ግን አልቀበልም። ያኔ ከእኛ ጋር የሚሮጠው ስንት አገር ነበር፣ ዛሬስ? ደግሞ የአንድ ሰው ቃል ጥሩ የሚሆነው ያ ሰው ዶክተር ወልደመስቀል ሲሆን ነው። በክለብ ሮጫለሁ፤ ማን ያሰለጥንሃል የሚለው ጥያቄ ስንት ትሮጣለህ ከሚለው ሲቀድም አይቻለሁ። አሰልጣኙ መራጭ ሲሆን የራሱን ልጅ ይመርጣል። ክፋት ላይሆን ይችላል፤ በየማለዳው የሚያየው የራሱን ልጅ ስለሆነ ነው። ኮሚቴ የመጣው ይህን ለማቆም ነው።

አሮጌ መም፦
ኮሚቴው ውስጥስ እነዚያው አሰልጣኞች አይደሉ የሚቀመጡት? «ልጅህን አስገባልኝ፣ ልጅህን ላስገባልህ» ነዋ። ይህ ደግሞ ብዙ ዓይን ሳይሆን ዕቁብ ነው፤ በየተራ ይወጣል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
እናንተ አሰልጣኝና ኮሚቴ እያላችሁ ስትነታረኩ፣ እዚህ አሜሪካ ሁለቱንም ትተውታል። ማጣሪያ ይደረጋል፤ መስፈርቱን አሟልቶ ከአንድ እስከ ሦስት የወጣ ይሄዳል። ልመና የለ፣ ደጅ ጥናት የለ። አትሌቷ አቲንግ ሙ የቶኪዮ የ800 ሜትር ሻምፒዮን ሆና ሳለ፣ ለፓሪስ በተደረገው ማጣሪያ ፍጻሜ ላይ ወደቀች። ይግባኝ ተባለ፤ አልተቀበሉትም። ቀረች። በቃ።

የሰንዳፋ ጠዋት፦
ይህን እንደ ሙገሳ ነው የምትነግረን? የዓለምን ምርጥ ሯጭ ስለተደናቀፈች ቤቷ ማስቀረት?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ሙገሳ ነው። ቢያንስ ማንም «እገሌ የእገሌ ዘመድ ነው» አላለም።

ወንበር ጠባቂ፦
ወንድም፣ አንተ እዚያ ሆነህ ሰበታን ረስተኸው ይሆናል፤ እኛ አልረሳነውም። በ2013 ሚያዝያ ለቶኪዮ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተደረገ። ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ ቀድመው ገቡ። ቀነኒሳ አልሮጥም ብሎ ቀረ። እንግዲህ ኮሚቴም የለ፣ ዐዋቂም የለ፤ መስመሩ ነው የፈረደው። የቶኪዮው ማራቶን በተሮጠበት ሳፖሮ ላይ ምን ሆነ? ሦስቱም አቋረጡ። ሦስቱም! አንድም ኢትዮጵያዊ መጨረሻው ላይ አልታየም።

የበቆጂ ልጅ፦
በደጋ ብርድ አጣርተህ ወደ ጃፓን ሙቀት ብትልክ ምን ትጠብቃለህ? ማጣሪያም እኮ የሚለካውን የሚመርጥ ሰው ይፈልጋል። ይኸው ተመልሰን ዐዋቂው ጋ መጣን።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
«አንተ እዚያ ሆነህ» የሚለው ነገር ሁልጊዜ መቼ ነው የሚቀረው? ሜዳሊያ ሲመጣ «ወገኖቻችን በውጭ አገር» ትላላችሁ፤ ሐሳብ ስንሰጥ «እዚያ ሆነህ»።

ወንበር ጠባቂ፦
ሰበታን መልስ እንጂ አታልቅስ።

ቡና ጠጡ፦
የዚያን ሳምንት የሴቶቹን ማራቶን ረሳችሁት። ሲፋን ሐሰን በፓሪስ 5,000 ሮጣ፣ 10,000 ሮጣ፣ ሁለት ነሐስ ይዛ፣ ከዚያ ማራቶኑን ትግስት አሰፋን በሦስት ሰከንድ ቀድማ ወሰደች። የትኛው አሰልጣኝ ወይም የትኛው ኮሚቴ ነው ይህን ፕሮግራም ጤናማ ነው የሚለው? ራሷ ናት የወሰነችው።

አሮጌ መም፦
ስለዚያ ሩጫ አታንሣብኝ። መጨረሻ ላይ የነበረውን ግፊያ አይተኸዋል?

ቡና ጠጡ፦
አይቼዋለሁ፤ አቤቱታውም ታይቶ ውድቅ ሆኗል። አዳማ የተወለደች ልጅ ናት፤ ትንሽ ደስ ይበልህ።

አሮጌ መም፦
ለኔዘርላንድስ ነው የሮጠችው። ደስታዬን ለትግስት አስቀምጫለሁ።

ሒሳብ መምህሩ፦
ወደ ነገራችን ልመልሳችሁ። የዕድሩ ጸሐፊ ያሉት የሊቀ መንበሩ ነገር አዲስ አይደለም፤ አባቶቻችን አውቀውት ነበር። በጎንደር ነገሥታት ችሎት ፍርድ ሲሰጥ ሐሳብ መስጠት የሚጀምረው በማዕረግ ከሁሉ በታች ያለው ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ። ንጉሡ በመጨረሻ ነው፤ ያውም በራሱ አንደበት ሳይሆን በቃል አቀባዩ፣ በቃለ ዐፄ በኩል። ለምን ይመስላችኋል? ንጉሥ ቀድሞ ከተናገረ ችሎቱ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ማሚቶ ስለሚሆን ነው። ዛሬ በየስብሰባችን የሚሆነው ተገላቢጦሹ ነው፤ የመክፈቻ ንግግሩ ራሱ ውሳኔው ነው። እኔ ብሆን መራጮቹ ሁሉ ከመገናኘታቸው በፊት ሦስት ስም በወረቀት ጽፈው፣ ምክንያታቸውንም ጽፈው ያስገቡ እላለሁ። ወረቀቱ ከውድድሩ በኋላ ይፋ ይሁን። የማን ዓይን እንደሚስት ያኔ እናያለን።

የሰንዳፋ ጠዋት፦
ወረቀቱ ይፋ ይሆናል ባልክበት ቀን ኮሚቴው ባዶ ወንበር ይሆናል።

አሮጌ መም፦
በችሎቱም ንጉሡ በመጨረሻ ቢናገርም የሚጸናው የእሱ ቃል ነበር። ይህን ለምን ዘለልከው? አንድ ዐዋቂ፣ ሌላው አማካሪ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ሒሳብ መምህሩ፦
አልዘለልኩም። ሰምቶ ነው የሚወስነው።

ወንበር ጠባቂ፦
ይህ ሁሉ ተባለና የእንጦጦ ነፋስ አሁንም ስም አልጠራም። ጠዋት ነው የጠየቅኩት። ማንን ታወጣ ነበር?

የእንጦጦ ነፋስ፦
እሺ፤ ደሬሳን።

ወንበር ጠባቂ፦
ደሬሳ በፓሪስ 2:07:31 ገብቶ አምስተኛ ሆኗል! ውጤቱን እያወቅክ እንኳን ከጥሩው ጀመርክ። ወርቅ ያመጣልህ ዳገት የሚያውቀው ዓይንህ ይህ ነው?

የበቆጂ ልጅ፦
ዳገት ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ተወው።

የእንጦጦ ነፋስ፦
ሲሳይ በጉዳት ወጥቷል፤ ደሬሳ አምስተኛ ነው ካልክ እንግዲህ የቀረውን አንተው ቁጠረው።

አሮጌ መም፦
ተጠንቀቅ።

ቡና ጠጡ፦
39ኛ የወጣውን ሊል ነው። ጉድ ፈላ።

የበቆጂ ልጅ፦
እስቲ ይበለው። እኔ የማን ከተማ ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል።

ወንበር ጠባቂ፦
ስሙን ጻፈው እንጂ። ብዙ ዓይን እያየህ ነው።

የእንጦጦ ነፋስ፦
ጽፌው ነበር፤ አጠፋሁት።