ልጃችን የባሕር ኃይል ቀዶ ሐኪም ልሁን ትላለች፤ ምክራችሁን እንሻለን

ጠያቂው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጤና ይስጥልን። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ የሕክምና ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። ቤታችን ገና በደስታ ላይ ሳለ ግን የአሜሪካን ባሕር ኃይል የነጻ ትምህርት ውል ይዛ መጣች፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መፈረም አለባት። ሐሳቧ ቀዶ ሐኪም ለመሆን ነው፤ ይህንንም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትናገር ሰምተናታል። ባለቤቴ ወረቀቱን ካየች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ወንድሟ በ1977 ዓ.ም. በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ አልተመለሰም፤ መርዶውም በወጉ አልደረሳቸውም። ስለዚህ «ውትድርና» የሚለው ቃል እኛ ቤት ከሌላው ቤት ይልቅ ይከብዳል። ማወቅ የምሻው ሁለት ነገር ነው። ፊርማው ልጄን ለስንት ዓመት ያስራታል? ከፈረመች በኋላስ ቀዶ ሕክምናውን ትተው ሌላ ሥራ ላይ ሊመድቧት ይችላሉን?

ከኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። በወታደራዊ ሆስፒታል ውስጥ በሲቪል ነርስነት ስለምሠራ የማውቀውን ልንገርዎ። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ልጅዎ የያዘችው ነው፤ በሲቪል የሕክምና ትምህርት ቤት ትማራለች፣ ባሕር ኃይሉ የትምህርት ክፍያዋን ይሸፍናል፣ በየወሩም መተዳደሪያ ይሰጣታል፤ በየዓመቱ ለ45 ቀናት በመኮንን ደመወዝ ለሥልጠና ትጠራለች። በምላሹ ለተከፈለላት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ዓመት ታገለግላለች፤ ለአራት ዓመት ትምህርት አራት ዓመት ማለት ነው። ሁለተኛው ከእናንተ ቤት ብዙ ሳይርቅ ቤተስዳ የሚገኘው የጦር ኃይሎች የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ ተማሪው ከመጀመሪያው ጀምሮ ደመወዝተኛ መኮንን ነው፤ ግዴታው ግን 7 ዓመት ነው። ለሁለቱም የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል፤ ግሪን ካርድ አይበቃም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቆጣጠሩ ላይ ነው። ቀዶ ሕክምና ለመማር ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት ሬዚደንሲ፣ ማለትም በሆስፒታል እየሠሩ የሚማሩት የልዩ ሙያ ሥልጠና አለ፤ በወታደራዊ ሆስፒታል የሚደረገው ሬዚደንሲ ደግሞ ከግዴታዋ አይቀነስም። ስለዚህ አራት ዓመት የተባለው ነገር ከትምህርቱ ጀምሮ ሲደመር ከ13 ዓመት አያንስም። ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሴ «አዎን፣ ሊሆን ይችላል» የሚል ነው። ብዙ ወጣት የባሕር ኃይል ሐኪሞች ኢንተርንሺፕ የሚባለውን ከትምህርት ቤት በኋላ ያለውን የመጀመሪያ የሥልጠና ዓመታቸውን እንደ ጨረሱ በጠቅላላ ሐኪምነት በመርከብ ላይ ወይም ከማሪን ወታደሮች ጋር ይመደባሉ፤ ማሪኖች የራሳቸው ሐኪም ስለሌላቸው የሚያክማቸው ባሕር ኃይሉ ነውና። ለቀዶ ሕክምና ቦታ የሚወዳደሩት ከዚያ ተመልሰው ነው። «የበረራ ሰርጅን» የሚባልም አለ፤ ስሙ አያሳስታችሁ፤ የአብራሪዎችን ጤና የሚከታተል ሐኪም እንጂ ቀዶ ጥገና የሚሠራ አይደለም።

ከአትላንታ፣ ጆርጂያ

እኔ የምለው ትፈርም ነው። ልጄ ሕክምና ተምሮ ሲጨርስ ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ነበረበት፤ ዋስ ሆኜ የፈረምሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ደብረ ታቦር ላሉት እናቴ የምልከው ገንዘብ በግማሽ ቀንሷል፤ እሳቸውም ምክንያቱ አይገባቸውም፤ «ልጅህ ሐኪም ሆኖ እንዴት ተቸገርህ?» ይሉኛል። ይህን ለእናት በስልክ ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ከዳላስ፣ ቴክሳስ

ወንድሜን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ልጅ የወላጆቿን ሸክም ለማቅለል ብላ ወጣትነቷን አትፈርም። እኛ ከጦርነት ሸሽተን የመጣን ሰዎች ነን። ሰው ማገልገል ከሆነ ምኞቷ፣ አገራችን ቀዶ ሐኪም ለማግኘት የቀናት መንገድ የሚጓዙ እናቶች ያሉባት አገር ናት። ዕድሜዋን ለሌላ አገር መርከብ ከምትሰጥ፣ ተምራ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብትሠራ አይሻልምን?

ከሳን ዲዬጎ፣ ካሊፎርኒያ

በዲቪ መጥቼ፣ በግሪን ካርዴ በተራ ወታደርነት ባሕር ኃይሉን ተቀላቀልሁ፤ 20 ዓመት በሕክምና ረዳትነት፣ እኛ «ኮርማን» በምንለው ሙያ አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ውሉ እኅታችን ከኖርፎክ በሚገባ ተናግረዋል። እኔ አጠገቡ ቆሜ መሣሪያ ሳቀብለው የኖርሁትን አንድ ቀዶ ሐኪም ሕይወት ልንገራችሁ፤ ልጅዎ የምትፈርመው ለዚያ ዓይነት ሕይወት ነውና።

በአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ወደ 5 ሺህ የሚጠጋ ሰው ይኖራል፤ ቀዶ ሐኪሙ ግን አንድ ነው። ሌሊት የአንዱ ትርፍ አንጀት ሲታመም፣ የብረት በር የሌላውን ጣት ሲጨፈልቅ የሚጠራው እሱ ነው፤ ሁለተኛ ሰው ላማክር ቢል በዙሪያው ያለው ባሕር ነው። ይሁን እንጂ ይህን ሐኪም ከሥራ ብዛት ይልቅ ያስጨንቀው የነበረው የሥራ ማነስ ነው። መርከበኛው አብዛኛው ወጣትና ጤነኛ ስለሆነ አንድም ቀዶ ጥገና ሳይኖር ሳምንታት ያልፋሉ። እጁ እንዳይፈታ በክርና በጨርቅ ስፌት ይለማመድ ነበር፤ ወደብ ስንመለስም የዕረፍት ቀኑን ትቶ በከተማው የአደጋ ሕክምና ማዕከል የሌሊት ተረኛ ሆኖ ይሠራ ነበር።

እኛን ረዳቶቹንም አጥብቆ ያስተምረን ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1942 ሲድራገን የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ በጠላት ውኃ ውስጥ ሳለች አንድ መርከበኛ ትርፍ አንጀቱ ታመመ፤ በመርከቧ ላይ ሐኪም አልነበረም። ዊለር ላይፕስ የተባለ የሕክምና ረዳት ማንኪያ አጉብጦ የቁስሉን አፍ መያዣ፣ የሻይ ማጥለያ ወስዶ የኤተር መስጫ አድርጎ ሕመምተኛውን በመኮንኖች መመገቢያ ጠረጴዛ ላይ ቀደደው፤ ሰውየውም ዳነ። ሐኪማችን ይህን ታሪክ ደጋግሞ ይነግረንና «እኔ የማልኖርበት ቀን ይመጣል» ይለን ነበር።

ከእሱ ጋር በሆስፒታል መርከቧ በሜርሲም ተጉዣለሁ። 1,000 አልጋና 12 የቀዶ ጥገና ክፍል ያላት መርከብ ናት፤ በደሴት አጠገብ መልሕቋን ስትጥል ከንፈራቸው የተሰነጠቀ ሕፃናት፣ ቡአ ያለባቸው ገበሬዎች፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው አዛውንት በጀልባ ይመጣሉ። እስከ ዛሬ የሚያመኝ ምርጫው ነው፤ መርከቧ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለምትሄድ ረጅም ክትትል የሚያሻው ሰው አይወሰድም። አንድ አባት ዕንቅርቷ ትንፋሿን የሚያስቸግራትን ልጁን ተሸክሞ ሁለት ቀን ሙሉ ተሰልፎ ነበር። ሐኪማችን መርዶውን ለአስተርጓሚ አልተወውም፤ ራሱ ወርዶ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጦ ነገራቸው፤ የአገሩ ሆስፒታል ምን ማድረግ እንደሚችል ጠይቆም ደብዳቤ ጽፎ ሰጣቸው። የዚያን ዕለት ማታ ራት አልበላም።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ክሊኒክ ይሠራል። አንድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ጋበዝሁት፤ ከቅዳሴ በኋላ የእናቶቻችንን የደም ግፊት ለካ፤ ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ሳይጠራ ይመጣል። «ያምዎታል?» ማለትን ተምሯል፤ ለሽማግሌዎቹ ሲናገር «አንተ» እንዳይል መጠንቀቅንም እንዲሁ። ዋጋውን ግን አልደብቃችሁም፤ ሁለቱም ልጆቹ ሲወለዱ ባሕር ላይ ነበር።

ከስቶክሆልም፣ ስዊድን

ልጆቼ፣ እኔ በወጣትነቴ ምጽዋ በባሕር ኃይላችን ውስጥ አገልግያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1955 ሲመሠረት የኖርዌይ መኮንኖች ረድተው አቋቋሙት፤ ዛሬ ያ ወደብ የእኛ አይደለም፤ ሙቀቱና የጨው ሽታው ግን ከአፍንጫዬ አልጠፋም። መርከበኛ ሐኪሙን እንደ ንስሐ አባቱ ነው የሚያየው፤ ለአዛዡ የማይናገረውን ለሐኪሙ ይናገራል። ስለዚህ እመቤቴ፣ ልጅዎን ጠመንጃ ልትይዝ እንደምትሄድ አድርገው አያስቧት።

ከዳላስ፣ ቴክሳስ

አባቴ፣ እናከብርዎታለን፤ ነገር ግን ሐኪሙ የሚያድነው ወታደር ተመልሶ ወደ ጦር ሜዳ ይላካል። ደግሞም የሳን ዲዬጎው ወንድማችን የነገሩን ያች ዕንቅርት ያለባት ልጅ ሳትታከም ተመልሳለች። መርከብ መጥቶ ይሄዳል፤ ሆስፒታል ግን ባለበት ይቆያል። እኔ የምለው ይህንን ነው።

ከአትላንታ፣ ጆርጂያ

ለአገር ስለ ማገልገል የምንናገረው ሁላችንም እዚህ ተቀምጠን ነው፤ እርስዎም ዳላስ ነዎት። 300 ሺህ ዶላር ዕዳ ያለባት ሐኪም ጥቁር አንበሳ ሄዳ በምን ደመወዝ ትከፍለዋለች? ከዕዳ ነጻ የሆነች ሐኪም ግን ግዴታዋን ስትፈጽም ገና ወጣት ናት፤ ያን ጊዜ ወደ ጎንደርም ወደ ጅማም መሄድ ትችላለች።

ከዳላስ፣ ቴክሳስ

ትችላለች ማለትና ትሄዳለች ማለት የተለያዩ ናቸው፤ ከ13 ዓመት በኋላ ባልና ልጆች፣ የቤት ዕዳም ይኖሯታል።

ጠያቂው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ልጄ የኖርፎኳን እኅታችንን መልስ ካነበበች በኋላ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና የመግባት ዕድሏ ምን ያህል እንደ ሆነ መልማዩን በጽሑፍ ጠይቃዋለች፤ እስከ አሁን መልስ አልሰጣትም። ባለቤቴ ደግሞ የሳን ዲዬጎውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያም አንድ ነገር ብቻ እንድጠይቅላት አዘዘችኝ፤ ለፋሲካ ወደ ቤት ይለቋታል ወይ?

ከሳን ዲዬጎ፣ ካሊፎርኒያ

እኅቴ፣ ቃል ልገባልዎ አልችልም። አንድ ግዳጅ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ወር ይወስዳል፤ የመነሻውንም ቀን የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። እኔ በ20 ዓመት ውስጥ ፋሲካን ከቤተሰቤ ጋር የዋልሁት 8 ጊዜ ነው። በሌሎቹ ዓመታት ባለቤቴ የቅዳሜ ሌሊቱን ቅዳሴ ቀድታ ትልክልኝ ነበር። ልጅዎ ከመፈረሟ በፊት ልታነጋግረኝ ከፈለገች ማታ ማታ ቤት ነኝ፤ ሐኪሙንም አገናኛታለሁ።