የአልሙኒየም ጀልባ ላይ የጄት ስኪ ሞተርና ፓምፕ መግጠም፤ ውሃ መግቢያው እንዴት ይሠራ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 3.8 ሜትር ርዝመት ያላት፣ ወለሏ 3 ሚሊሜትር የሆነ፣ በብየዳ የተሠራች ጀልባ አለችኝ። የምገጥመው ከያማሃ ጄት ስኪ የወጣ 701 ሲሲ ቱ ስትሮክ ሞተር ከነፓምፑ ነው። የጄት ስኪውን የፋይበር ወለል ቆርጬ አልሙኒየሙ ላይ ባጣብቀው ያዋጣል? ፓምፑስ በምን ከፍታ ይቀመጥ?

በያጁ፦
ፋይበሩን አታጣብቅ። ስስ ላሜራ ማዕበል ሲመታው ይተጣጠፋል፣ ፋይበሩ ግን ድርቅ ያለ ነው፤ ንዝረት ሲጨመርበት ማጣበቂያው ከዳር ጀምሮ ይለቃል፣ የሚለቀውም ከውሃ በታች ነው። ይልቅ ውሃ ወደ ፓምፑ የሚገባበትን የፋይበሩን ዋሻ ቅርጽና ማዕዘን በካርቶን ቅዳና 5083 ወይም 5052 በተባለ የአልሙኒየም ዓይነት፣ በ5 ሚሊሜትር ላሜራ ሥራው። የብየዳው ሽቦም 5356 የተባለው ዓይነት ይሁን።

ዋናው ነገር አየር ነው። የመግቢያው አፍ ከወለሉ ጋር ልክ እኩል ይሁን። ወደ ውስጥ ከገባ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም። ከወለሉ ሥር መሃል ለመሃል የሚሄድ ጠርዝ ካለም ከመግቢያው ፊት ያለውን 1 ሜትር ያህል ቆርጠህ አልስልሰው፤ ካልሆነ አረፋውን ቀጥታ ወደ ፓምፑ ይነዳዋል። ከፍታውን በተመለከተ፣ ጀልባዋ ሰው ጭና ስትቆም ውሃው ቢያንስ የፓምፑን ዘንግ መሃል መድረስ አለበት፤ ያለዚያ ፓምፑ ውሃ አይዝም።

መካኒክ፦
በያጁ ባለው ላይ ልጨምር። መጀመሪያ ፓምፑ ይታሰር፣ ሞተሩ እሱን ተከትሎ ይምጣ። ሞተሩና ፓምፑ በሚያያዙባቸው ሁለት መጋጠሚያዎች መካከል ያለውን ጎማ አውጣ፣ አቀራርባቸውና ቀጥ ያለ ብረት ከላይም ከጎንም አስደግፍ። ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ካለፈ ከሞተሩ እግር ሥር ስስ ላሜራ ጨምር። አልሙኒየም በብየዳ ሙቀት ይጣመማል፤ ስለዚህ አጭር አጭር እያደረግህ፣ ጎን እየቀያየርክ በይድ፣ ሲቀዘቅዝም እንደገና ለካ። ጀልባዋ ውሃ ላይ ከወረደች በኋላ ደግሞ አንዴ ለካ፣ ወለሉ ትንሽ ቅርጽ ይቀይራል። መጋጠሚያው ዙሪያ ጥቁር የጎማ ብናኝ ካየህ መስመሩ ተዛንፏል ማለት ነው።

የኢምፔለሩ (ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ባለምላጭ ክፍል) ጫፍ ከዙሪያው ካለው ቀለበት ጋር ያለው ክፍተት ከ0.6 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ቀለበቱን ቀይር። ሙሉ ነዳጅ ሰጥተህ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 6,000 ዙር ካልቀረበ ጀልባዋ ለኢምፔለሩ ከብዳለች፤ የምላጩ ዘንበል ያነሰ ኢምፔለር ያስፈልጋል።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ማቀዝቀዣውና ጭስ ማውጫውስ?

ሞገድ፦
ማቀዝቀዣው ከፓምፑ በሚመጣ ውሃ ነው የሚሠራው። የብስ ላይ በጎማ ስታጥብ መጀመሪያ ሞተሩን አስነሳ፣ ከዚያ ውሃውን ክፈት፤ ስታቆም መጀመሪያ ውሃውን ዝጋ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ውሃ በጭስ ማውጫው በኩል ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። የጭስ ቱቦውም ከመውጣቱ በፊት ከውሃው ወለል በላይ ከፍ ብሎ ይታጠፍ።

የሞተር ክፍሉ ዝግ ከሆነ የቤንዚን ትነት ታች ይተኛል። ለጀልባ የተሠራ፣ ብልጭታ የማያወጣ ቬንትሌተር ግጠምና ከማስነሳትህ በፊት 4 ደቂቃ አሠራው። የባትሪውን ኔጌቲቭ በወለሉ በኩል አታስኪድ፣ መዳብ ያለበት ቀለምም አትቀባ፤ ሁለቱም አልሙኒየሙን ይበሉታል። የማይዝጉ ብሎኖች አልሙኒየም ላይ ሲገቡ መከላከያ ቅባት ይቀቡ።

ባትሪውንና ታንኩን ወደ ፊት ውሰዳቸው፣ ሞተሩ ኋላውን ብቻውን ያከብደዋል። መሪውን ስትሞክር አስታውስ፦ ነዳጅ ከለቀቅህ ጀልባዋ አትታጠፍም፤ እንቅፋት ፊት ለፊት ሲመጣ ትንሽ ነዳጅ እየሰጡ መጠምዘዝ ነው።